የወንዴው ብልቃጥ

በምድር ቤቱ መጨረሻ ያለው ክፍል በር ላይ «ሳያንኳኩ አይግቡ፤ መብራት ይዘው አይግቡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፉን የለጠፈችው ሴት በዚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለቱንም ትእዛዝ አክብሮ የገባ ሰው በጣት ይቆጠራል። ክፍሉ ውስጥ ቀንም ሌሊትም የሚበራው ቀይ አምፖል ብቻ ነው፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። በዚያ ቀይ ብርሃን ምክንያት የባሕር ምርምር ተቋሙ ሰው ሁሉ «እትዬ ቀዮ» ይላታል፤ ፊቷ ግን የጠይም ጠይም ነው። መጀመሪያ ሊያበሽቋት ያወጡላት ስም ነበር። እሷ አልበሽቅ ስትል ስሙ ጸናባት፤ ዛሬ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንኳ እውነተኛ ስሟን ለማወቅ ፋይል መግለጥ አለበት።

ሥራዋ የባሕር ተክል ዘር ማቆየት ነው። ተክሉን ምሁራን ቡናማ አልጌ ይሉታል፣ ዓሣ አጥማጆች «ቅጠል» ብለውት ያልፋሉ፣ ከተሜው ደግሞ የባሕር አረም ይለዋል። አረም ያለው ሰው ምን እንደ ነካው እንጃ፤ አንድ ጊዜ አረም ከተባለ በኋላ ሲጠፋ ማን ያለቅሳል? ይህ ቅጠል ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ አምስት ስድስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የሚያህል ቁመት አለው፤ ዓሣው የሚወልደውም የሚደበቀውም በሥሩ ነው። ኑሮው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ቅጠል ሲበስል ብናኝ ይረጫል፤ ብናኙ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ በዓይን የማይታይ ቀጭን ክር ይሆናል፣ ግማሹ ወንዴ፣ ግማሹ ሴቴ። ወንዴና ሴቴ ክሮች ሲገናኙ ነው ትልቁ ቅጠል ተመልሶ የሚወለደው። ልጅ እናቱን ትቶ አያቱን ይመስላል ማለት ነው።

ክሮቹ ደግሞ ሌላ ጉድ አላቸው። ነጭ ወይም ሰማያዊ ብርሃን ካላገኙ ለዘር አይደርሱም። በቀይ ብርሃንና በብርድ የተቀመጠ ክር ሳይወልድ፣ ሳያረጅ፣ እዚያው እንዳለ ዓመታት ይኖራል። የሚፈልገው በየወሩ ውሃ የሚቀይርለት ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እትዬ ቀዮ ናት። ከየባሕሩ የመጡ ከሁለት መቶ በላይ ብልቃጦች በእጇ ናቸው። ለዓይን ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ጭጋግ ናቸው፤ በዘረመላቸው ግን የአንዱ ቋጥኝ ከሌላው ቋጥኝ ይለያል፤ አንዱ ሙቀት ይችላል፣ አንዱ ማዕበል፣ አንዱ ደግሞ ምንም አይችልም።

ከሁሉም እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቃቸው ሁለት ናቸው፤ የሰላጤው ሴቴና የሰላጤው ወንዴ። ሰላጤው ከከተማው በስተ ደቡብ ያለ የባሕር ክንድ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የተቋሙ ጠላቂና ታናሽ ወንድሙ አብረው ወርደው አንድ የበሰለ ቅጠል ቆርጠው አመጡ፤ ሁለቱ ብልቃጦች የዚያች የአንዲት ቅጠል ልጆች ናቸው፣ እህትና ወንድም። በሁለት ዓመት ውስጥ ባሕሩ ሁለት ጊዜ ከመጠን በላይ ሞቀ፤ የሰላጤው ቅጠል ተቀቅሎ አለቀ፤ የተረፈውን እሾሃማ የባሕር ፍጥረት ግጦ ጨረሰው። ባዶ ድንጋይ ቀረ። ዓሣውም አገሩን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የሰላጤው ቅጠል የሚባል ነገር በዓለም ላይ ካለ ያለው በእትዬ ቀዮ መደርደሪያ ላይ ነው።

ጠላቂው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። «ጋሼ ጠላቂ» ይሉታል። ወንድሙ ቅጠሏን በቆረጡ በወሩ ባሕር ወስዶት አልተመለሰም፤ ስለዚህ ያቺ ቀን አብረው የጠለቁባት የመጨረሻዋ ቀን ሆነች። ጋሼ ጠላቂ ለጉብኝት በመጣ ቁጥር ቀኗን ያወራል። የውሃው ጥራት፣ ወንድሙ ቢላዋውን የያዘበት እጅ፣ ከወዴት በኩል ፀሐይ እንደገባች፣ አንዲት አትቀርም። ወሬው ሲጀመር ጎልማሶቹ ሠራተኞች ሰዓታቸውን ያያሉ፤ አንዳንዱም በልቡ ከሱ ፊት ፊት እየሄደ ይጨርሰዋል። እትዬ ቀዮ ግን ቀና ብላ አታየውም ነበር። ምክንያት ነበራት።

ወንዴው የሰላጤው አይደለም። ይህን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ነው፤ እሱም እሷው ናት።

ነገሩ የሆነው ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ለክሮቹ የሚሰጠው የባሕር ውሃ መጀመሪያ ይፈላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይቀዘቅዛል። ዛሬ የፈላው በግራ መደርደሪያ፣ ትናንት የፈላው በቀኝ፤ ደንቡ ይህ ነው። በዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ልጅሽ አተኩሷታል፣ ቶሎ ነይ ብለው ደወሉላት። ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነበር የቀራት። እጇ በቸኮለበት ወደ ግራ ሄደ። በብርዱ ምክንያት ወፍራም የሱፍ ጓንት አጥልቃ ስለነበር የውሃው ጠርሙስ ግለት አልተሰማትም። በወንዴው ላይ ቀዳችበት። ወደ ሴቴዋ ስትዞር የብልቃጡ ክዳን ጠብቆ እምቢ አላት፤ ጓንቷን አወለቀች፤ ጠርሙሱን በባዶ እጇ ስትይዘው ፈጃት።

በቀይ ብርሃን ሥር ቡናማም አረንጓዴም አንድ ነው፤ ምንም የተለወጠ አልመሰላትም። የወንዴውን ብልቃጥ ነጭ መብራት ወዳለበት ኮሪደር አወጣችው። ክሮቹ የለመለመ ሣር መስለው ነበር። ለሌላ ተክል ልምላሜ ጤና ነው፤ ቡናማው አልጌ ግን አረንጓዴ የሚሆነው ሲቀቀል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አፍሳ መልቀም የቻለችው ታድላ፤ የእሷ የሚለቀም አልነበረም። ሰላጤው ባዶ ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሁለተኛ ብልቃጥ ለመጠባበቂያ መያዝ አልተለመደም ነበር።

ለሦስት ቀን አልተናገረችም። በአራተኛው ቀን ከከተማው በስተ ሰሜን ካለው ቋጥኝ ከመጣው ወንዴ በመቆንጠጫ ጥቂት ክር ቆርጣ ወደ ንጹሕ ብልቃጥ ጨመረች፤ ከሞተው ብልቃጥ ላይ ጽሑፉን ላጠች፤ በአዲሱ ላይ ለጠፈች። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ሆድ ይፍጀው አለች፤ ሆዷም ፈጀው፤ ጨርሶ ግን አልፈጀውም። ከዚያ ቀን በኋላ የሁሉንም ዘር መንታ ትይዝ ጀመር። አለቆቿ ጥንቃቄዋን ለሌሎች በምሳሌነት ያነሡ ነበር፤ እሷ ምስጋናውን በሰማች ቁጥር ጆሮዋ ይግላል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን የተረተው ሰው ውሸቱን በየወሩ ውሃ እየቀየረ አላሳደገም።

ዘንድሮ ሰላጤውን መልሶ ለመትከል ተወሰነ። ባሕሩ ረገብ ብሏል፣ እሾሃሞቹም ተለቅመዋል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር አቁመው ችግኝ የሚጠመጠምበትን ገመድ ይሠራሉ። ፈቃድ ሰጪው ግን አንድ ነገር ጠየቀ፤ የሚተከለው የሰላጤው የራሱ ዘር መሆኑ ይረጋገጥ። ለዚህ ሲባል አንዲት ወጣት ዶክተር ከሌላ ከተማ መጣች፤ ከየብልቃጡ ቅንጣት ወስዳ የዘረመል ምርመራ አደረገች። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች፣ በር ታንኳኳለች። እትዬ ቀዮ ልትጠላት ሞክራ አልቻለችም።

ውጤቱ የመጣ ቀን ዶክተሯ ወረቀቷን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እስቲ» አለች። «የሰላጤው ሴቴና ወንዴ እህትና ወንድም አይደሉም። ጭራሽ አይዛመዱም። ወንዴው ከሰሜኑ ቋጥኝ ዘር ጋር ቁርጥ አንድ ነው።»

«ሴቴዋስ?»

«እሷን ከምን ጋር ላስተያያት? የሰላጤው ቅጠል አልቋል። ከምናውቀው ከየትኛውም ቦታ ዘር ጋር አልገጠመችም። ግን ወንዴው የሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ እሷ ብቻ የሰላጤው ናት ብዬ መፈረም አልችልም።»

«እንዴት ሊሆን ቻለ ትያለሽ?» አለች እትዬ ቀዮ። ይህ ጥያቄ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው፤ አፈረችበትም።

«ሲሰበሰብ ነው የተሳሳተው። እርስዎ ጋ ሊሆን አይችልም፤ ሁሉን በመንታ የሚይዝ ሰው እንደ እርስዎ አላየሁም። ጠላቂው በዚያው ሳምንት ሰሜኑም ወርደው ነበር። ቀኑን መዝገብ ላይ የጻፉት ደግሞ ዘግይተው ነው። ሰላጤው ያን ቀን መውረዳቸውም ያጠራጥራል። ሰው ነገር ደጋግሞ ሲያወራ ያልነበረውንም የነበረ ያደርገዋል፤ ክፋት የለበትም።»

ዶክተሯ አየቻት።

«ይሆናል» አለች እትዬ ቀዮ።

አንዲት ቃል ናት። ማታ ቤቷ ገብታ እራት ስታቀርብ፣ ጠዋት ተነሥታ ጫማዋን ስታስር፣ ያቺ ቃል አብራት ነበረች። ጡረታዋ ሊደርስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷታል። ሽማግሌው እንደሆነ ከእንግዲህ ሥራ የሚያጣበት የለ፣ ስሙስ ቢነሣ ምን ይጎዳዋል እያለች ራሷን ትደልል ነበር። ሰው ራሱን ሲደልል እንዴት አንደበተ ርቱዕ ይሆናል፤ እንዲህ ለሌላው ቢናገር ጠበቃ በሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሯ ከጋሼ ጠላቂ ቤት ተመልሳ መጣች። ወሬው ውጤቱ እንደመጣ ደርሶት ነበር፤ አሁን ግን ሪፖርቱ ላይ የሰብሳቢው ስህተት የሚል ስለተጻፈ ራሱ ማንበብና መፈረም ነበረበት።

«እንዴት ያሉ መልካም ሰው ናቸው» አለች። «ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ‹ማሽኑ ካለ ልክ ነው፣ እኔ አርጅቻለሁ› ብለው ፈረሙ። ስለዚያች ቀን ሁሉም ሲያወራ እሰማ ነበርና እስቲ ይንገሩኝ አልኳቸው። ‹ተዪው ልጄ፣ ሕልም ሳይሆን አይቀርም› አሉኝ።»

እትዬ ቀዮ በእጇ የያዘችውን ብልቃጥ ወደ ቦታው መለሰች። መቆንጠጫዋን አጠበች። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

የጋሼ ጠላቂ ቤት ከሰላጤው በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። ከወንድሙ ልጅ ጋር ይኖራል፤ አባቷ ሲሞት ገና በእናቷ ሆድ ነበረች፤ እናቷ ሌላ አግብታ ሄዳ በዚያው ስትጠፋ አጎቷ አሳደጋት። ዛሬ በማኅበሩ ገመድ የምትጠመጥም የሃያ አንድ ዓመት ሴት ናት። እትዬ ቀዮ ስትደርስ ልጅቷ ከሥራ አልገባችም ነበር። ሽማግሌው ለብቻው ተቀምጧል። ወንበሩ ዱሮ መስኮቱ ሥር ነበር፤ አሁን ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቷል።

«ቀዮ» አለ። «አንቺም ልታጽናኚኝ መጣሽ? አልታመምኩም። ማርጀት በሽታ አይደለም።»

«ጋሼ፣ ለማጽናናት አይደለም የመጣሁት።»

«ተቀመጪ ታዲያ።»

ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። እሱ ግን ሰው ያገኘ መሰለውና ጀመረ።

«አይገርምሽም? ማን ይናገር የነበረ ይባል ነበር። እኔ ነበርኩ፤ ማሽኑ ደግሞ አልነበርክም አለኝ። ከማሽን ጋር ምን ክርክር አለኝ። ሰው ባስታወሰው ይምላል እንጂ ማስረጃ የለውም። ሦስት ሳምንት ስሟገት ቆየሁ፤ ከራሴ ጋር። ፀሐይዋ በቀኝ ነበር የገባችው ስል፣ ምናልባት የሰሜኑ ፀሐይ ይሆን? እላለሁ። የወንድሜን ፊት አያለሁ፤ ከኋላው ያለውን ድንጋይ ግን አሁን አጣሁት። የቱ ድንጋይ እንደሆነ አላውቅም።»

«ጋሼ...»

«ለእኔስ ግድ የለም። የከፋው የልጅቷ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ግን የለም። «ለእናንተ የማወራው ሌላ ነው፣ ለሷ የምነግራት ሌላ። ሕፃን ሳለች ‹አባቴ እኔ እንደምመጣ ያውቅ ነበር?› ብላ ጠየቀችኝ። ያውቅ ነበር አልኳት። ቅጠሏን ቆርጠን ጀልባው ላይ እንደወጣን ነው የነገረኝ። ሚስቱ ጠዋት ነግራው ነበር። ከውሃ እስክንወጣ አፍኖ ይዞት ቆይቶ፣ ጭንብሉን እንዳወለቀ ‹አባት ልሆን ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለብቻችን የተገናኘንበት ቀን የለም። ልጅቷ ከአባቷ ያላት ይህን ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም። ባለፈው ሳምንት አስቀምጬ ነገርኳት። ልጄ፣ ያቺ ቀን ስለመኖሯ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ውሸታም እንዳትዪኝ፣ ተሳስቼ ይሆናል አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ምንም አይደል አጎቴ› አለች። ሳህኖቹን አነሣች። ከዚያ ወዲህ ሥራ ታመሻለች።»

እትዬ ቀዮ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀና አለች። በልቧ የነበረው ማመንታት ሁሉ አለቀ፤ የቀረው ሐፍረት ብቻ ነበር።

«ቀኗ ነበረች» አለች። «ሰላጤው ወርዳችኋል። ቅጠሏ የሰላጤው ናት። ወንዴውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አልገባውም። እንደገና ነገረችው፣ ከግራው መደርደሪያ ጀምራ፣ ጓንቱን፣ የፈላውን ውሃ፣ የለመለመውን ክር፣ ከሰሜኑ የቆረጠችውን፣ የለጠፈችውን ጽሑፍ። የልጇን ትኩሳት መጨረሻ ላይ ጠቀሰችውና መልሳ ተወችው፤ ሰበብ መሰላት። ስትጨርስ ጋሼ ጠላቂ ጉልበቱን አሻሸ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«በየጉብኝቱ እየመጣሁ ያንን ብልቃጥ አነሣው ነበር። ወንዴውን። የወንድሜ ነው እያልኩ።»

«አዎ ጋሼ።»

«አንቺ አጠገቤ ቆመሽ።»

እንባዋ መጣ፤ ማልቀስ መብቷ መስሎ ስላልታያት በመዳፏ ጠረገችው። «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ይቅርታውን ተይው፤ አሁን አይመጣልኝም። ሴቴዋስ? ሴቴዋ እርግጥ የዚያች ቀን ናት?»

«እሷን አልነካኋትም። ፈጅቶኝ ጠርሙሱን ጣልኩት። ከእናንተ እጅ ከመጣች ጀምሮ ያለችው ያቺው ናት። ከሌላ ወንዴ ጋር ከተዳቀለች ልጆቿ ግማሽ የሰላጤው ይሆናሉ፤ ፈቃድ ይስጡ አይስጡ አላውቅም። ነገ ጠዋት ለዶክተሯ ሁሉንም እነግራታለሁ። አስቀድሞ ለእርስዎ መነገር አለበት ብዬ ነው።»

«ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ወንበሩን ሊያዞር ሲል ልታግዘው ተነሣች፤ በእጁ ከለከላት። እያረፈ፣ እየጎተተ፣ ብቻውን ወደ መስኮቱ መለሰውና ተቀመጠ። ከታች ሰላጤው ይታያል፤ ውሃው ግራጫ ነው።

«እንግዲህ እሄዳለሁ» አለች።

«የት ነው የምትሄጂው? ልጅቷ ትመጣለች። ትጠብቂያታለሽ።»

«እርስዎ ቢነግሯት አይሻልም? እኔን እምብዛም አታውቀኝም።»

«እኔ አንዴ ነበረ ብያታለሁ፣ አንዴ አልነበረም ብያታለሁ። ሦስተኛ ነበረ ብላት ሽማግሌው ሊያባብለኝ ነው ትላለች፤ ልክም ናት። ማን ይናገር የነበረ ያልኩሽ ተረት ጨርሶ አልተነገረም። ቀሪው ‹ማን ያርዳ የቀበረ› ይላል። የቀበርሽው አንቺ ነሽ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። እሱ ሰላጤውን ያያል፣ እሷ በሩን። አሁን ብነሣ አይይዘኝም ብላ አሰበች፤ እንደማትነሣም አወቀች። ምን ብላ እንደምትጀምር ትፈልጋለች፤ ጥሩ መጀመሪያ ግን የለውም።

ልጅቷ ስትገባ ቦት ጫማዋ ርጥብ ነበር። እንግዳ ስታይ ሰላም አለች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ወንበሩ ቦታውን መቀየሩን አየች። ጣቶቿ ገመድ ሲልጣቸው ውሎ ቀልተዋል።

«ተቀመጪ» አላት አጎቷ። «እትዬ ቀዮ የምትነግርሽ ነገር አላት። ስለ አባትሽ ነው።»

ልጅቷ አልተቀመጠችም። እትዬ ቀዮ ሽማግሌውን አየችው፤ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለዚህ ራሷ ተነሥታ ቆመች።

«አጎትሽ አልተሳሳቱም» አለች። «አባትሽ ያን ቀን ሰላጤው ወርዷል። ቅጠሏን ቆርጧል። ማሽኑ ያገኘው ስህተት የእኔ ነው፤ እኔ ያበላሸሁትና እኔ የደበቅሁት። አጎትሽ ሲጠየቁበት እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ልጅቷ አየቻት፤ ቁጣው እየመጣ እንደነበር ከፊቷ ይነበባል፤ እትዬ ቀዮም ጠበቀችው። ግን ልጅቷ እሷን አልፋ ወደ አጎቷ ዞረች።

«ታዲያ ያውቅ ነበር ማለት ነው?»

«ያውቅ ነበር» አለ ሽማግሌው።